ጋሽ ይርጉና የጋራችን ግድግዳ

ጋሽ ይርጉ ማረፋቸውን የሰማሁት መሰላል ላይ ቆሜ ነው። ኤደን ከተማ፣ ተዋሂ የሚባለው ሰፈር ውስጥ በምሠራበት ትንሽ ሆቴል የመታጠቢያ ቤት መስታወት ልሰቅል ግድግዳ እበሳለሁ። የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ አበባ ከታች ሆና የሆነ ነገር ትለኛለች፤ ትራፓኖው ስለሚጮህ አይሰማኝም። "ምን?" አልኳት። ደገመችው። አሁንም አልሰማሁም። በሦስተኛው ማሽኑን ሳጠፋው እሷ ገና እየጮኸች ስለነበር፣ "ሞቱ እኮ! ጋሽ ይርጉ ሞቱ!" የሚለው ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። እሷም ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ከመሰላሉ ወረድኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ለመጻፍ ባልተቀመጥኩ ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ "ከእንግዲህ መንገድ ላይ አላገኛቸውም" ነው ያልኩት በሆዴ። ሐፍረቱ የመጣው ከዚያ በኋላ መሰላሉን አጣጥፌ ስወጣ ነው። እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ኤደን ውስጥ ለምንኖር ሐበሾች የቤት ጥገና ማለት ጋሽ ይርጉ ነበሩ። በር ካልዘጋ እሳቸው፣ መደርደሪያ ካዘመመ እሳቸው፣ የወንበር እግር ከወለቀ እሳቸው። በወጣትነታቸው ከአሰብ በመርከብ መጥተው፣ ወደቡ አጠገብ በነበረ የእንጨት ሥራ ቤት ከአንድ አሮጌ የኤደን ሰው ሙያ ተማሩ። ያ ሰው በእንግሊዞቹ ዘመን የሠራ ስለነበር ጋሽ ይርጉ ራሳቸውን አናጺ ብለው አያውቁም። "ካርፔንተር ነኝ" ነው የሚሉት፣ ያውም ኮራ ብለው። እኛ ካቻቪቴ የምንለውንም "ስክሩ ድራይቨር" ይሉታል። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከታች እንደ አገሩ ሰው ፉጣ ያገለድማሉ፣ ከላይ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳሉ፣ የደረት ኪሳቸው ውስጥ አንድ እርሳስ አይጠፋም። መሣሪያቸው በሙሉ በአንድ የሸራ ከረጢት ይገባል። መዶሻ፣ ሁለት መጋዝ፣ መሮዎች፣ በእጅ የሚዞር የእንጨት መሰርሰሪያ፣ ድንጋይ መብሻ ብረት። ሶኬት የሚፈልግ አንድም ነገር የላቸውም።

አንድ ጊዜ የአንዲት የመናዊት ጎረቤታችን በር አብጦ አልዘጋ አለ። ሴትየዋ "ላጉልኝና ይገላግሉኝ" አለች። እኔ ብሆን በማሽን ልጌው በአምስት ደቂቃ እገላገል ነበር። ጋሽ ይርጉ ግን በሩን በመዳፋቸው እንደ በሽተኛ ግንባር ዳሰሱትና፣ "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ በሩ የጠጣው እርጥበት ነው። አሁን ከላግነው ንፋሱ ሲደርቅ ክፍተት ያመጣብሻል፣ አቧራ ይገባብሻል። መዐሌሽ፣ ግድ የለም፣ ጥቂት ታገሺ" አሏት። ደረቅ ሳሙና አስመጥተው ጠርዙን ከላይ እስከ ታች አሹት፣ የማጠፊያውን ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቁ። በሩ ዘጋ። እሷ እየመረቀቻቸው እሳቸው ሳሙናውን በወረቀት ጠቅልለው መለሱላት።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ግድግዳ ሲበሱ ነው። መጀመሪያ ጆሮአቸውን አስጠግተው በጣታቸው አንጓ ከላይ እስከ ታች ያንኳኳሉ። ቀጥለው ከረጢታቸውን አስቀምጠው ውልቅ ይላሉ። የት ሄዱ? ከግድግዳው በስተጀርባ የሚኖረው ጎረቤት ዘንድ። በሩን ያንኳኩና፣ ሴቶች ይኖሩ ይሆናል ብለው ጀርባቸውን ለበሩ ይሰጣሉ። ፊታቸውን ወደ ደረጃው እንዳዞሩ ጉሮሮአቸውን ጠርገው "ያ አህል አልበይት!" ብለው የቤቱን ሰዎች ይጣራሉ፤ ጎረቤታችሁ ሚስማር ሊመታ ነው፣ በእናንተ በኩል ምን አለ? ነው ጥያቄው። ሕፃን ተኝቷል ከተባሉ ሥራውን ለነገ ያሳድሩታል። ቧንቧ በዚህ ያልፋል ከተባሉ በእርሳሳቸው ያሰምራሉ። ለአንዲት ፎቶ መስቀያ ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ! እኔ ከኋላቸው ቆሜ እስቅ ነበር።

ስለ እኔ ብዙ የሚባል የለም። ሆቴል ውስጥ የተገኘውን የምሠራ፣ እጄ ትንሽ ቀልጠፍ ያለ፣ አፌ ደግሞ ከእጄ የቀደመ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ትራፓኖዬ በሽቦ የሚሠራ ነበር። ገና በገዛሁት ሰሞን ግድግዳ እየበሳሁ ሳለሁ መብራት፣ የአገሩ ሰው ካህረባ የሚለው፣ ጠፋ። መብሻው ድንጋዩ ውስጥ እንደተነከሰ ቀርቶ ማሽኑ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ። ያን ቀን የተዋሂ ሐበሻ ሁሉ መጥቶ አይቶት ሄዷል። ጋሽ ይርጉ በቁልፍ ፈተው አወጡልኝና፣ "ሙሉጌታ፣ ይሄ ሠራተኛህ ካህረባ ካልበላ አይሠራም ማለት ነው?" ብለው አሳቁብኝ። ተናድጄ ባትሪ ያለው ትራፓኖ ገዛሁ፤ በሶላር ነው የምሞላው። ይዤላቸው ሄድኩ።

"እስቲ ስጠኝ" አሉ። ቁራጭ ጣውላ መሬት ላይ አስቀምጠው በሱት፣ እንደገና በሱት፣ ጣውላውን ወንፊት አደረጉት። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

"ወይ ጉድ! ይሄ እኮ ልብ ያሳብጣል!" አሉ። መልሰው ሲሰጡኝ ግን፣ "ለብሎኬት ቤት ጥሩ ነው። ለእነዚህ ለእንግሊዝ ዘመን ቤቶች እኔን አይመቸኝም" አሉኝ።

"ለምን?"

"በእጅህ ስትመታ ድንጋዩ አልቆ ኖራው ሲመጣ ክንድህ ይነግርሃል። ብረት ስትነካም ይነግርሃል፣ ትቆማለህ። ይሄ እስኪነግርህ ድረስ አልፎታል።"

"ጋሽ ይርጉ፣ ጊዜው እኮ ተለውጧል።"

"ተለውጧል። ግድግዳው ግን ያው ነው" አሉና ጣውላውን አነሱ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ያኔ የምኖረው በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ብርቄ ትኖራለች። ባሏ የሞተባት፣ ከአገር ቤት በጅቡቲ በኩል የሐበሻ ልብስ እያስመጣች የምትሸጥ ሴት ናት። ፋሲካ ሲቃረብ የእኛን ሴቶች የምታለብሰው እሷ ነች። ዕቃዋ ሲበዛ ጋሽ ይርጉን ጠርታ በጋራ ግድግዳችን ላይ ሰፊ መደርደሪያ አሠራች።

ጋሽ ይርጉ እንደ ልማዳቸው መጥተው በሬን አንኳኩ። ብቻዬን የምኖር ወንደላጤ መሆኔን እያወቁ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

"ሙሉጌታ፣ በአንተ በኩል ምን አለ?"

"ምንም የለም፣ ይግቡ" አልኩ ከአልጋዬ ሳልነሳ።

ገብተው ግድግዳዬን ዳሰሱ፣ አንኳኩ። ጣሪያው ላይ ካለው ከእትዬ ብርቄ የውኃ ታንከር፣ ከኸዛኗ፣ የሚወርደው የውኃ ቧንቧ ድንጋዮቹ መካከል እንደሚያልፍ በጆሮአቸው አገኙት። እርሳሳቸውን አውጥተው ከጣሪያ እስከ ወለል ቀጥ ያለ መሥመር አሰመሩልኝ። "እዚህ ላይ፣ በግራና በቀኝም አንድ ስንዝር፣ ምንም እንዳትመታ" አሉኝ። እሺ አልኩ። በእትዬ ብርቄ በኩል ከመሥመሩ ርቀው እየመቱ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲሠሩ ይሰማኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥን ገዛሁ። ማቀፊያ ብረቱን ከአልጋዬ ትይዩ ስለካው አንደኛው ቀዳዳ መሥመሩ አጠገብ ዋለ። ትንሽ ወደ ቀኝ ባደርገው ይበቃ ነበር፤ ግን ከአልጋው ጋር አይስተካከልም። ሽማግሌው ከጥንቃቄ ብዛት ነው ያሰፉት አልኩ። እትዬ ብርቄ ሼክ ዑስማን የሚባለው ሰፈር ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሦስቱን ቀዳዳ ቅቤ እንደመውጋት በሳሁት። አራተኛው ጠነከረብኝ። ተጫንኩት። አለፈ። የሚወጣው ዱቄት ጭቃ ሆነ።

ያን ጊዜ ወጥቼ ወደ ጣሪያው ብሮጥና የኸዛኑን መዝጊያ ብዘጋ ኖሮ ነገሩ በአንድ ባልዲ ውኃ ያልቅ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? የብሎን መያዣውን ፕላስቲክ፣ ፊሸሩን፣ ከትቼ ብሎኑን አጠበቅሁት። በእኔ በኩል ውኃው ቆመ። ጨርቅ አምጥቼ ግድግዳውን ጠረግሁና ቴሌቪዥኔን ሰቀልኩ። ማታ ኳስ አየሁ።

እትዬ ብርቄ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ጩኸቷን ስሰማ ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። መደርደሪያው ንቅንቅ አላለም፤ በላዩ ያለው ልብስ ግን ከግድግዳው በወረደው ውኃ ርሶ፣ የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ ፈሷል። ለፋሲካ የታዘዘው በሙሉ። ውኃ በተራ በሚመጣበት ከተማ የሳምንት ውኃዋም አብሮ አልቋል። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔም ከተሰበሰቡት ጋር ቆምኩ።

"ይርጉ ነው!" ትላለች ደረቷን እየመታች። "ከእሱ ሌላ ይሄን ጂዳር፣ ይሄን ግድግዳ ማን ነካው! ሙሌ፣ አንተ ሥራውን ታውቀዋለህ፣ እስቲ ንገረኝ፣ እንዲህ ያለ ስህተት እንዴት ይሠራል?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዝም ማለት እንኳ እችል ነበር። "እኔ እንጃ እትዬ፤ የጋሽ ይርጉም ዓይን ደክሟል መሰለኝ" አልኩ። ይህን ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና የእርሳሱን መሥመር ከላይ እስከ ታች በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁት።

ጋሽ ይርጉ ተጠርተው መጡ። ስድቡን ቆመው ሰሙ። እትዬ ብርቄ የረጠበውን ተሸክማ ልታሰጣ ወደ ጣሪያ ስትወጣ እሳቸው መሮአቸውን አውጥተው ልስኑን ከፈቱ። እኔ መሄድም መቆምም አቅቶኝ በሯ ላይ ነበርኩ። ድንጋዮቹን ነቅለው ቧንቧውን አገኙት። የሳቸው ብሎኖች ከዚያ ሁለት ስንዝር ርቀው በሰላም ተቀምጠዋል። እጃቸውን ከቧንቧው በስተጀርባ፣ ወደ እኔ ክፍል በሚያየው በኩል ሰደዱ። ጣታቸው የብሎኔ ጫፍ ላይ ቆመ።

"ሙሉጌታ" አሉኝ ሳይዞሩ፣ "በአንተ በኩል ደርቋል?"

ከእኔና ከሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ ቦታና ጊዜ ሊሰጡኝ አይችሉም ነበር።

"ደርቋል፣ ጋሽ ይርጉ" አልኩ።

ዞረው አዩኝ። የቁጣ ፊት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ንግግሩን ያልጨረሰ ሰው ፊት ቆመው እስኪጨርስ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ሳልጨርስላቸው ሲቀር፣ "እሺ" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የብሎኔን ጫፍ በብረት መጋዝ ቆርጠው ከፍርስራሹ ጋር ጣሉት። የተበሳውንም ቧንቧ በመጋዙ ቆርጠው አወጡና አዲስ ቀጠሉበት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠብታ አላንጠባጠበም።

እትዬ ብርቄ ስትወርድ፣ "ታዲያ ምን ሆኖ ነው?" አለች።

ጋሽ ይርጉ መጀመሪያ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ።

"ቧንቧው ተበስቶ ነው። ኻላስ፣ ጨርሻለሁ" አሏት።

"እርስዎ ነዎት አይደል?"

"እኔ በሠራሁበት ግድግዳ ነው የደረሰብሽ፣ ብርቄ። ይቅርታ አድርጊልኝ" አሉና ከረጢታቸውን አነሱ።

ለምን አልተናገሩም እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ። ያዘኑልኝ አይመስለኝም፤ ሞኝም አልነበሩም። ከእኔው አፍ እንዲወጣ የፈለጉ ይመስለኛል። ዛሬ ባይሆን ነገ፣ ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ ይናገራል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን በየቀኑ "ዛሬስ ጊዜው አይደለም" የሚል ምክንያት አላጣሁም።

የእኔ ዓረፍተ ነገር እግር አወጣ። ሰው ክፉ አልነበረም፤ ማንም አልሰደባቸውም። "ጋሽ ይርጉ እኮ ዓይናቸው ደክሟል፣ እናሳርፋቸው" ነው የተባለው፣ በፍቅር። በየቤቱ ለበርና ለመደርደሪያ የሚጠራው እኔ ሆንኩ፤ ሄድኩም። "ሙሌ ፈጣን ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ቤትህ አይቀመጥም" ሲሉኝ ፈገግ አልኩ። በመጨረሻ ተዋሂ ውስጥ የሚጠራቸው ሰው ሲጠፋ ኪራዩ ከበዳቸውና ሼክ ዑስማን ውስጥ ሀሽሚ የሚባል መንደር ገቡ። እዚያ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መጋዝና ቢላ ይስላሉ ተባለ።

አንድ ቀን በሚኒባስ ሳልፍ አየኋቸው። መጋዙን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ ይስላሉ። መነጽር የላቸውም። መጋዙን ወደ ብርሃኑ አንስተው በአንድ ዓይናቸው አነጣጥረው አዩትና መልሰው አንዷን ጥርስ ብቻ ነካ አደረጓት። ደከመ ያልኩት ዓይን ይኸው ነው። ቀና ሊሉ ሲሉ ወንበሬ ላይ ዝቅ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ያመመኝ መስሎት ውኃ ሰጠኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሆቴሉ የሕንፃውን ጥገና በሙሉ ለእኔ የሰጠኝ ሰሞን፣ ከሀሽሚ የመጣ አንድ ነጋዴ መልእክት አደረሰኝ። ጋሽ ይርጉ ያን ሆቴል ያውቁታል። "ለሙሉጌታ ንገሩት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቧንቧው እንደ ሌሎቹ በቀኝ አይደለም፣ በግራ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ሽቦ ነው፣ እንዳይመታው" ብለዋል። ሄጄ አየሁ፤ እንዳሉት ነው። በማግስቱ ሀሽሚ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አልኩ። አልሄድኩም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ አለፈ።

እንግዲህ ያን ቀን ከሆቴሉ ወጥቼ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሀሽሚ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳው ሥር ፍራሽ ተነጥፏል፣ ከመሃል የጋሽ ይርጉ ፎቶግራፍ ወንበር ላይ ቆሟል። በወጣትነቱ ዲያቆን የነበረ አንድ ሽማግሌ ጸሎት አድርሶ መጨረሱ ነው። እትዬ ብርቄ ዓይኗ አብጦ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ሰው በየተራ ደግነታቸውን ያወራል። አንዱ በሩን ነፃ መሥራታቸውን፣ አንዷ የልጇን አልጋ ማስተካከላቸውን። ለቅሶ ላይ እንደሚደረገው መጥፎ የሚያነሳ የለም። እትዬ ብርቄ ብቻ እየተንሰቀሰቀች፣ "እኔ ነኝ ክፉዋ! ለአንድ የእጅ ስህተት በሰው ፊት አዋረድኳቸው፣ በእርጅናቸው!" አለች።

በቃኝ። ከበሩ እንደቆምኩ፣ "እትዬ ብርቄ፣ ስህተቱ የሳቸው አልነበረም። ቧንቧውን የበሳሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

እትዬ ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ምራቋን ፊቴ ላይ ብትተፋ ደስ ይለኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አያችሁ ይሄን ልጅ?" አለች ወደ ሰዉ ዞራ። "የሙት ስም ለማንሳት ብሎ በራሱ ላይ ሲዋሽ!"

"አልዋሸሁም እትዬ። እሳቸው መሥመር አስምረው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ቴሌቪዥን ልሰቅል ስል በትራፓኖዬ..."

"ተው ሙሌ፣ ይበቃል፣ የኔ ጌታ። እሳቸው ራሳቸው እኮ ይቅርታ ጠይቀውኛል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። አንተም አጠገቤ ቆመህ ነበር።"

"ስለ እኔ ብለው ነው! እኔ ነኝ!"

ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሽማግሌው ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ፤ "ሐዘኑ ነው፣ አይዞህ። የሙያ አባቱ ናቸው እኮ" አለ ለሌሎቹ። ወደ እኔም ጎንበስ ብሎ፣ "እንዲህ የሚያከብር ሰው ይስጠን። እግዚአብሔር ይባርክህ" አለኝ።

አንድ ጊዜ ደግሜ መናገር ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ቢያንስ እትዬ ብርቄን ወደ ውጭ ጠርቼ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ እስክታምነኝ ድረስ። አፌን ከፈትኩ። ሁሉም በፍቅር ያዩኛል። ኤደን ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ አይቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ንፍሮ ሰጡኝ። ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ከፎቶግራፋቸው አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ፣ የልጅ ቦታ። ሄጄ ተቀመጥኩ።